ብሔራዊ የሽያጭ ታክስ ቢመጣ የሶሻል ሴኩሪቲ ኮላ ይደርስልናል?

ጥያቄው፦ «ባለቤቴ 69 ዓመቱ ነው፣ በወር 2,100 ዶላር ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ያገኛል። እኔ የተወለድኩት በ1963 ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ እየሠራሁ ነው፣ ጡረታዬን ገና አልጠየቅኩም። ታናሽ እህቴ የ1966 ልጅ ናት። ኢንካም ታክስ ቀርቶ በሁሉም ነገር ላይ 23 በመቶ የሽያጭ ታክስ ይጣላል የሚባለው ሕግ ቢጸድቅ ኮላው (ከዋጋ ንረት ጋር በየዓመቱ ጡረታው ላይ የሚጨመረው) የኑሮውን ውድነት ይሸፍንልናል? ኮላው እንዳያመልጥሽ አሁኑኑ ጠይቂ የሚሉኝም አሉ። ወደፊት ደግሞ አዲስ አበባ ገብተን ለመኖር እናስባለን።»

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የባለቤትዎ ቼክ ይስተካከላል፣ ግን ዘግይቶ። እርስዎም ዛሬ ስለጠየቁ የሚጨመርልዎ፣ ስላልጠየቁም የሚያመልጥዎ ኮላ የለም። ከሦስታችሁ ልትጨነቅ የሚገባት ታናሽ እህትዎ ናት፤ እሷን የሚጎዳት የተወለደችበት ዓመት ነው። ዝርዝሩ ቁጥር ስለሚበዛበት ቀስ ብለው ያንብቡት።

መጀመሪያ ስለየትኛው ሕግ እንደምናወራ እንግባባ። «23 በመቶ» እየተባለ የሚወራው ፌር ታክስ የሚባለው ረቂቅ ነው፤ በተወካዮች ምክር ቤት ኤች አር 25 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ሐሳቡን በ1999 ያቀረቡት የጆርጂያው ጆን ሊንደር ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2023 እና በ2025 ደግሞ የዚያው ክፍለ ግዛት ተወካይ ባዲ ካርተር መልሰው አስገብተውታል። እስካሁን ሕግ ሆኖ አያውቅም። ቢጸድቅ የግልና የድርጅት ኢንካም ታክስ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የአረጋውያን ጤና መድን) ታክስ፣ የውርስና የስጦታ ታክስ ይቀሩና በምትካቸው በአዲስ ዕቃና በአገልግሎት ላይ አንድ የፌዴራል ታክስ ይጣላል። ምግብ፣ መድኃኒት፣ ሐኪም፣ የቤት ኪራይ፣ አዲስ ቤት ሁሉ ይገባበታል። ያገለገለ ዕቃና የትምህርት ክፍያ አይነኩም።

23 በመቶ የተባለው ታክሱ ከተጨመረ በኋላ ከሚከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ ላይ ተሰልቶ ነው። 100 ዶላር በሚሸጥ ዕቃ ላይ 29.87 ዶላር ይጨመርበታል፣ ከኪስ የሚወጣው 129.87 ይሆናል፤ 29.87 የዚህኛው ቁጥር 23 በመቶ ነው። የክፍለ ግዛቱን ታክስ በምናሰላበት በለመድነው መንገድ ከሄድን ግን 30 በመቶ ማለት ነው። «23 ነው» የሚሉትም «30 ነው» የሚሉትም ስለ አንድ ገንዘብ ነው የሚከራከሩት። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶቼ በ1.2987 እየተባዙ ወይም እየተካፈሉ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ኮላው። ከ1975 ጀምሮ ጭማሪው ኮንግረስ በየዓመቱ ሳይወስን በራሱ ይሰላል። የሚለካው የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ በሚያወጣው ሲፒአይ-ደብልዩ በሚባለው የከተማ ደመወዝተኞች የዋጋ መለኪያ ነው። ከዓመቱ ውስጥ የሚታዩት ጁላይ፣ ኦገስትና ሴፕቴምበር ብቻ ናቸው። የሦስቱ ወር አማካይ፣ ኮላ ከተሰጠበት ከመጨረሻው ዓመት ተመሳሳይ አማካይ ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ ወደ አንድ አሥረኛ በመቶ ይጠጋጋል። የ2024 አማካይ 308.729፣ የ2025 ደግሞ 317.265 ነበር፤ ለዚህ ነው የ2026 ጭማሪ 2.8 በመቶ የሆነው። መለኪያው ቢወርድ ቼክ አይቀነስም፤ በ2010፣ በ2011 እና በ2016 እንደታየው ጭማሪው ዜሮ ሆኖ ያልፋል።

ይህ መለኪያ የሽያጭ ታክስን ይቆጥራል? አዎ፣ ይቆጥራል። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈውን ብቻ ሳይሆን ሸማቹ ካሸሩ ጋር የሚከፍለውን ሙሉ ዋጋ ነው የሚይዘው። ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ 50 ዶላር የሚሸጥ የጤፍ ዱቄት የክፍለ ግዛቱ 6 በመቶ አይነካውም፣ መለኪያው ውስጥም 50 ተብሎ ይገባል። የፌዴራሉ ታክስ ሙሉ በሙሉ ዋጋው ላይ ቢያርፍ ደረሰኙ 64.94 ይላል፣ መለኪያውም 64.94 ብሎ ይመዘግበዋል። በአንጻሩ ኢንካም ታክስና ከደመወዝ የሚቆረጠው ታክስ በዚህ መለኪያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ኢንካም ታክስ ቢቀር መለኪያው ቅንጣት አይወርድም፤ የሽያጭ ታክስ ሲመጣ ግን ይወጣል። ለጡረተኛ ይህ አለመመጣጠን ጥሩ ዜና ነው።

የረቂቁ ጸሐፊዎችም ይህን አስበውበታል። አንቀጽ 303 መለኪያው ብሔራዊውን ታክስ ያላካተተ ከሆነ ኮላ ሲሰላ መለኪያው በአንድ ቁጥር ይባዛ ይላል፤ ቁጥሩም አንድ ሲደመር 0.23 ለ0.77 ሲካፈል፣ ማለትም ያው 1.2987 ነው። ወደፊት ሌላ ዓይነት የሽያጭ ታክስ ረቂቅ ሲመጣ እኔ ቀድሜ የምፈልገው ይህን ቦታ ነው። «የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ አንቀጽ 215(i)» (የኮላው አንቀጽ) የሚል ማሻሻያ ካለበት ምን እንደሚል ይነበብ። ታክሱን ከመለኪያው የሚያስወጣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትገባ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ይገለበጣል።

ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ታክሱ ጃንዋሪ 1፣ 2027 ጀመረ እንበል። ዋጋው የዚያኑ ዕለት ይወጣል። መለኪያው የሚታየው ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ኮላው በዲሴምበር ጸንቶ እጅ የሚገባው በጃንዋሪ 2028 ነው። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ በአሮጌ ቼክ አዲስ ዋጋ መክፈል ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። የሚጀመርበት ቀን ደግሞ ነገሩን ያሻሽለዋል ወይም ያባብሰዋል፦ በጁላይ 1 ቢጀመር ሦስቱም ወሮች ይይዙታልና ኮላው የሚዘገየው ስድስት ወር ብቻ ነው። በሴፕቴምበር 1 ቢጀመር ከሦስቱ ወሮች አንዱ ብቻ ስለሚይዘው በመጀመሪያው ጃንዋሪ የጭማሪው ሲሶ ብቻ ይመጣል። በኦክቶበር 1 ቢጀመር ግን ያ ዓመት ጭራሹን ያመልጠዋል፤ ማካካሻው የሚደርሰው ከአሥራ አምስት ወር በኋላ ነው። አውስትራሊያ በጁላይ 1፣ 2000 የ10 በመቶ ታክስ ስትጀምር ጡረታውን በዚያው ቀን በ4 በመቶ ከፍ ያደረገችው መዘግየቱን ለመድፈን ነበር። በካናዳ የእርጅና ጡረታው በየሦስት ወሩ ስለሚስተካከል መዘግየቱ አጭር ነው። የአሜሪካው ኮላ በዓመት አንዴ ነው፣ ረቂቁም ለመጀመሪያው ዓመት የተለየ የቅድሚያ ጭማሪ አላስቀመጠም።

ያስቀመጠው ፕሪቤት የሚባለውን ነው። እያንዳንዱ ሕጋዊ ነዋሪ ቤተሰብ፣ እስከ ድህነት መስመር ድረስ ለሚያወጣው ወጪ የሚከፍለው ታክስ በየወሩ አስቀድሞ ይሰጠዋል፤ ከፋዩም ያው ሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ነው። የ2025ቱ የድህነት መስመር ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነበር፤ 23 በመቶው ለ12 ሲካፈል በወር 300 ዶላር ያህል ይመጣል። ባልና ሚስት እንደ ሁለት ነጠላ ሰው ስለሚታሰቡ 600 ይደርሳቸዋል።

የባለቤትዎን ቼክ እንሥራው። 2,100 ዶላር በአዲሱ ዋጋ የሚገዛው የዛሬውን 1,617 ዶላር ያህል ነው፤ ጉድለቱ በወር 483። ሁለታችሁ በዚህ ቼክ ብቻ የምትኖሩ ቢሆን ኖሮ 600 ሲጨመርበት 2,700 ይሆናል፣ የመግዛት አቅሙ 2,079። በመጀመሪያው ዓመት እንኳ ጉድለቱ 21 ዶላር ብቻ ነው። ጃንዋሪ 2028 ላይ፣ ዋጋው ሁሉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከሆነ፣ ኮላው 29.9 በመቶ ስለሚሆን ቼኩ ወደ 2,727 ከፍ ይላል፣ ፕሪቤቱም አይቀርም። ለአንድ ታክስ ሁለት ማካካሻ መሆኑ ነው። ተቺዎች «ለጡረተኛ ድርብ ክፍያ» የሚሉት ይህን ነው፤ ስሌቱ ላይ ተሳስተዋል ለማለት አልችልም። በወር 5,000 ዶላር ለሚያወጣ ቤት ግን ሌላ ነው፦ ከፕሪቤቱ ጋር 5,600 ለ1.2987 ሲካፈል 4,312፣ ማለትም 688 ጎድሏል፤ ኮላውም የሚነካው ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣውን ድርሻ ብቻ ነው።

እስካሁን ዋጋው በሙሉ ይወጣል ብዬ ነው የሠራሁት። የረቂቁ ደጋፊዎች ግን አሠሪ የሚከፍለው ታክስ ስለሚቀር የማምረቻ ዋጋ ይወርዳል፣ ስለዚህ በመጨረሻ ሸማቹ የሚከፍለው ብዙም አይለወጥም ይላሉ። ይህ የሚሆነው ሠራተኛው የሚያገኘው ጥቅል ደመወዝ በቁጥር ከተቀነሰ ነው፤ «ታክስ አይቆረጥብህም፣ እኛም በፊት እጅህ ይገባ የነበረውን ብቻ እንከፍልሃለን» ከተባለ። ደመወዝን በቁጥር ማውረድ ከባድ ነው፤ ውል አለ፣ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አለ። የፌዴራል ሪዘርቭም (ማዕከላዊ ባንኩ) ዋጋው እንዲወጣ ይፈቅዳል ወይስ ወለድ ከፍ አድርጎ ያንቃል የሚለው ይወስነዋል። በእኔ ግምት አብዛኛው ዋጋ ላይ ያርፋል። ለባለቤትዎ ግን በሁለቱም መንገድ ልዩነቱ ትንሽ ነው፦ ዋጋው ከወጣ ኮላው ይወጣል፣ ዋጋው ካልወጣ ኮላ አይኖርም፣ ቼኩም እንደ ድሮው ይገዛል።

ወደ እርስዎ ልምጣ። «አሁኑኑ ካልጠየቅሽ ኮላው ያልፍሻል» የሚለው ወሬ ከዚህ ሁሉ በላይ ገንዘብ የሚያስወጣ ስሕተት ነው። ኮላ የሚቆጠረው ሰው 62 ዓመት ከሞላበት ዓመት ጀምሮ ነው፤ ጠየቀም አልጠየቀም መሠረታዊው ጡረታው ላይ እየተጨመረ ይጠብቀዋል። እርስዎ 62 የሞላዎት በ2025 ስለሆነ፣ በ2027 መጨረሻ የሚመጣ 29.9 በመቶ ቢኖር በ2030 ቢጠይቁም ውስጡ አለ። አሁን በ63 ቢጠይቁ ግን ሙሉው የጡረታ ዕድሜዎ 67 ስለሆነ 25 በመቶ ለዘለቄታው ይቀነስብዎታል። እየሠሩ ስለሆነም በ2026 ከ24,480 ዶላር በላይ ካገኙ ለእያንዳንዱ ሁለት ዶላር ትርፍ አንድ ዶላር ይያዝብዎታል። ገና ያልጸደቀ ረቂቅ ፈርቶ ይህን መቀበል አያዋጣም።

እህትዎ ግን የ1966 ልጅ ናት፤ 62 የሚሞላት በ2028 ነው። የመጀመሪያ ጡረታዋ የሚሠራው የሥራ ዘመን ደመወዟ በአገሪቱ አማካይ ደመወዝ መለኪያ ወደ ዛሬ ተመንዝሮ ነው፤ የምንዛሪው ዓመት 60 የሞላበት ነው፣ ለእሷ 2026። ይህ የደመወዝ መለኪያ ነው፣ የሽያጭ ታክስ አይታይበትም። የዋጋ መለኪያው የሚጀምርላት ደግሞ ከ2028 ነው፦ የ2028 ሦስት ወር ከ2027 ሦስት ወር ጋር ይነጻጸራል፣ ታክሱ ግን በሁለቱም ውስጥ አለ። ዝላዩ የታየበት የዲሴምበር 2027 ኮላ ለእሷ አይደርስም። ማለትም በ1965 የተወለደችና በ1966 የተወለደች፣ እኩል ሠርተው እኩል ደመወዝ የበሉ ሁለት ሴቶች፣ የአንዷ ጡረታ በመግዛት አቅም ከሌላዋ 23 በመቶ አንሶ ለዕድሜ ልክ ይቀራል። ከእሷ በታች ያሉትም ሁሉ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። የኢንካም ታክሱ መቅረት ለሠራተኛው ገና በሥራ ላይ እያለ ይጠቅመዋል፤ ጡረታው ሲሰላ ግን አይታይም። የ1977ቱ የሕግ ማሻሻያ ከ1917 እስከ 1921 በተወለዱት ላይ ተመሳሳይ ገደል ፈጥሮ ለዓመታት አጨቃጭቋል፤ ያኛው ከዚህ ጋር ሲተያይ ጠባብ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው የሚነካ አንድ ነገር አለ። ብዙ ስደተኛ ወገኖቻችን የልደት ቀናቸው ሳይታወቅ ወረቀታቸው ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። በሶሻል ሴኩሪቲ ደንብ ሰው ዕድሜው የሚሞላው ከልደቱ አንድ ቀን ቀድሞ ነው። ስለዚህ ጃንዋሪ 1፣ 1966 የሚል ወረቀት ያለው ሰው 62 የሚሞላው ዲሴምበር 31፣ 2027 ነው፣ ከ1965 ልጆች ጋር ይቆጠራል፣ ኮላውም ይደርሰዋል። የእህትዎን ወረቀት ይመልከቱ።

ዋጋው ሳይወጣ ደመወዙ ቢወርድስ? ያኔ እህትዎ ትተርፋለች፣ ምክንያቱም የምንዛሪ ዓመቷ 2026 ታክሱን ቀድሟል። የሚመቱት ከ1967 ጀምሮ የተወለዱት ይሆናሉ። አማካይ ደመወዝ በ20 በመቶ ቢወርድ የመጀመሪያ ጡረታቸውም ወደዚያው ይጠጋል፤ ለኮላ ያለው «አይቀነስም» የሚል ጥበቃ ለዚህ የለውም። እንዲህ ያለ ነገር በትንሹ ታይቷል፦ በ2009 አማካይ ደመወዙ ከ41,334.97 ወደ 40,711.61 ዶላር ወርዶ፣ በጡረታ ቀመሩ ውስጥ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ከ761 ወደ 749 ዶላር በ2011 ዝቅ ብሏል። ረቂቁን የሚደግፍ ተወካይ ካገኛችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ይህ ነው፦ 62 ላልሞላቸው ምን የመሸጋገሪያ አንቀጽ አለ?

ቤትን በተመለከተ መለኪያው አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። በራሱ ቤት የሚኖር ሰው ቤቱን ቢያከራይ ያገኝ የነበረው ኪራይ እንደ ወጪ ተቆጥሮ ከመለኪያው ሩብ ገደማ ይይዛል። ይህ በእጅ የማይከፈል ገንዘብ ስለሆነ ታክስ አያርፍበትም። የስታቲስቲክስ ቢሮው ይህን ኪራይ ያለ ታክስ ቢቆጥረው መለኪያው በ30 ሳይሆን ወደ 22 በመቶ ብቻ ይወጣል፣ ኪራይ የሚከፍል ጡረተኛም ይጎድልበታል። ስሌቱ ከእውነተኛ ኪራዮች የሚወሰድ ስለሆነ ታክሱን ይዞ ቢገባ ደግሞ ቤቱን ከፍሎ የጨረሰ ሰው ላልከፈለው ታክስ ይካሳል። ሁለቱንም እኩል የሚያስደስት መንገድ የለም።

ሌላውን በአጭሩ ላንሳው። ባህላዊ 401ኬ ወይም አይአርኤ (የጡረታ ቁጠባ) ያለው ሰው ገንዘቡን ሲያወጣ ይከፍለው የነበረው ኢንካም ታክስ ስለሚቀርለት ይካካስለታል። ሮት የሚባለው ዓይነት ቁጠባ ያለው ግን ሲያስገባ ከፍሏል፣ ሲያወጣም በሽያጭ ታክስ ሁለተኛ ይከፍላል፤ በባንክ ያስቀመጠም እንዲሁ፣ ኮላ ደግሞ ቁጠባን አይነካም። ዛሬ ጥምር ገቢያቸው (ሌላው ገቢያቸውና የሶሻል ሴኩሪቲያቸው ግማሽ) ለነጠላ 25,000፣ ለባልና ሚስት 32,000 ዶላር ሲያልፍ ከሶሻል ሴኩሪቲያቸው ላይ ኢንካም ታክስ የሚከፍሉም ከዚያ ይገላገላሉ። ፖስታ ቤትና ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠርቶ በፌርስ (የፌዴራል ሠራተኞች ጡረታ) የወጣ ሰው፣ ዋጋው ከ3 በመቶ በላይ ሲወጣ ጭማሪው አንድ ነጥብ ይቀነስበታል፣ 29.9 ለእሱ 28.9 ነው። አብዛኛው የግል ድርጅት ጡረታ ጭማሪ ጭራሽ የለውም። ሕክምናም ታክስ ስለሚነካው በ2026 በወር 202.90 ዶላር የሆነው የሜዲኬር ክፍል ቢ መዋጮ አብሮ ይወጣል። ይህን መዋጮ ከኮላው ጭማሪ በላይ እንዳይሄድ የሚያግደው ደንብ ኮላው ሲተልቅ ያን ያህል አይከላከልም።

የአዲስ አበባው ሐሳብ ሒሳቡን ያዞረዋል። ታክሱ የሚከፈለው አሜሪካ ውስጥ ለሚጠቀሙት ነው፤ ፕሪቤቱም ለአሜሪካ ነዋሪ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ብትኖሩ 600ውን አታገኙም፣ ታክሱንም አትከፍሉም፣ ኮላው ግን ሙሉው ይከተላችኋል፤ 2,727ቱን ዶላር እንዳለ ትወስዳላችሁ ማለት ነው። እዚያ የምትከፍሉት የአገሩን 15 በመቶ ቫት ነው፣ የአገሩንም የዋጋ ንረት ሲፒአይ-ደብልዩ አያየውም፤ ሜዲኬርም ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። ኮንግረስ ይህን ቀዳዳ ቢያየው ይደፍነዋል ብዬ ስለማስብ ዕቅዳችሁን በዚህ ትርፍ ላይ አትመሥርቱ። ይልቅ ዛሬም ያለውን ደንብ አጣሩ፦ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ቼኩ ኢትዮጵያም ይደርሰዋል፤ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ግን ለስድስት ሙሉ ወራት ከአገር ከወጣ ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል። ከሁለታችሁ ዜግነት ያልወሰደ ካለ፣ ከታክሱ ወሬ በፊት የሚያልቀው ጉዳይ ይህ ነው።